ከባሕር ዳር የተገኘው ካሴት፦ የኦርጋን ተጫዋቹ የጋሽ ኃይሉ መርጊያ ሕይወትና ሙያ



ዛሬ ዛሬ ሠርግ ያለ ኦርጋን አይሞቅም። በደብረ ታቦርም ሆነ በወረታ፣ በአዲስ ዘመንም ሆነ በነፋስ መውጫ፣ ድንኳን በተጣለበት ሁሉ አንድ ወጣት ጥቁርና ነጭ ቁልፍ በተደረደረበት ሰሌዳ ፊት ቆሞ ከበሮውንም፣ ክራሩንም፣ ዋሽንቱንም በአሥር ጣቱ ሲያወጣው እናያለን። እስክስታችንን እንመታለን፣ ሙሽራዋን እናጅባለን፣ ወደ ቤታችን እንገባለን። መሣሪያው ከየት መጣ፣ በአገራችንስ እነማን አሳምረው ተጫወቱት ብለን ግን እምብዛም አንጠይቅም።

በዚህ እትም የምናወጋችሁ ከእነዚያ ቀደምት ባለሙያዎች ስለ አንዱ፣ ስለ ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ነው። በወጣትነታቸው በአዲስ አበባ ስመ ጥር የነበሩ፣ ከዚያ ከአገር ወጥተው ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዱ የኖሩ፣ በስተርጅና ደግሞ ዓለም እንደ አዲስ ያወቃቸው ሰው ናቸው። ታሪካቸውን የመረጥነው ሁለት ምክንያት ስላለን ነው። አንደኛ፣ ጋሽ ኃይሉን ወደ መድረክ የመለሰው ካሴት የተገኘው ከእኛ ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በማይርቀው በባሕር ዳር ነው። ሁለተኛ፣ ማኅበራችን በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ለሚነጋገርበት ጉዳይ የሚሆን ቁም ነገር አለበት። እሱን መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የድሃ ቤተ ክርስቲያን መሣሪያ

ኦርጋን በጥንቱ መልኩ ትልልቅ የብረትና የእንጨት ቧንቧዎች ያሉት፣ በነፋስ ኃይል የሚጮህ የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት መሣሪያ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው ይበቃሉና አባቶቻችን አላስፈለጋቸውም። በአሜሪካ ግን ብዙ ትንንሽ አብያተ ክርስቲያናት ይፈልጉት ነበር፤ ዋጋው ከአቅማቸው በላይ ስለሆነ ሊገዙት አይችሉም ነበር።

በ1935 ሎረንስ ሃሞንድ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኦርጋን ለገበያ አወጣ። በውስጡ 91 ትንንሽ የብረት ጎማዎች በማግኔት አጠገብ ይሽከረከራሉ፤ ከሽክርክሪታቸው የሚወጣው ኤሌክትሪክ ድምፅ ይሆናል። ቧንቧ የለ፣ ነፋስ የለ። ዋጋው ከባለ ቧንቧው በጣም ያነሰ ስለነበር ድሆቹ አብያተ ክርስቲያናት፣ በተለይም የጥቁር አሜሪካውያን ምእመናን፣ ገዙት። ልጆቻቸውም በእሑድ ዝማሬ መካከል አብረውት አደጉ።

ከእነዚህ ልጆች ዘመን የወጡ ሙዚቀኞች መሣሪያውን ከቤተ ክርስቲያን ወደ ምሽት ክበብ ወሰዱት። ከሁሉም የሚበልጠው ስም ያለው የፔንሲልቬኒያው ተወላጅ ጂሚ ስሚዝ ነው። ከ1956 ጀምሮ ባሳተማቸው ሸክላዎች በሁለት እጁ ዜማውን፣ በእግሩ ደግሞ ወፍራሙን የባስ ድምፅ እየመታ፣ ከአንድ ጊታርና ከአንድ ድራም ጋር ብቻ ሆኖ ትልቅ ባንድ የሚያህል ሙዚቃ አሰማ። የመንፈሳዊ ዝማሬ ስሜት፣ የብሉዝ ቁዘማና የጭፈራ ምት ከጃዝ ጋር የተዋሐዱበት ይህ ሙዚቃ ሶል ጃዝ ተባለ። ጋሽ ኃይሉ በአዲስ አበባ ኦርጋን ሲይዙ የዚህ ሙዚቃ ሸክላዎች ባሕር ተሻግረው እዚህ ደርሰው ነበር።

ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ

ጋሽ ኃይሉ የተወለዱት በ1946 በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን ነው። ደብረ ብርሃን እንደ ደብረ ታቦር ሁሉ ደጋ ናት፤ ብርዷን ያየ ያውቀዋል። የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ ወደ አዲስ አበባ መጡ። በ14 ዓመታቸው አኮርዲዮን ያዙና ያለ አስተማሪ፣ በጆሯቸው እየሰሙ ተማሩ። አኮርዲዮን በደረት ታቅፈው፣ በአንድ በኩል ቁልፎቹን እየተጫኑ፣ በክንድ ደግሞ ወናፉን እየሳቡና እየገፉ የሚጫወቱት መሣሪያ ነው። ያኔ ከክራርና ከማሲንቆ ቀጥሎ ጆሮ የለመደው እሱ ነበር።

በዚያ ዘመን ዘመናዊ ሙዚቃ የሚማሩበት ዋናው በር ወታደር ቤት ነበር። ነገሩ የቆየ ሥር አለው። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ወላጅ ያጡ 40 አርመናውያን ወጣቶች በነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነሱ ናቸው። ከእነሱ ጋር ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚባለው የሙዚቃ መምህር መጣ፤ እሱና ዘመዶቹ ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስተማሩ። በኋላ ክብር ዘበኛው፣ ጦር ሠራዊቱና ፖሊስ የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ።

ወጣቱ ኃይሉም ከጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ገቡ። እዚያ ኖታ ማንበብና መጻፍ ተማሩ። ብዙ ሳይቆዩ ወጥተው በየከተማው እየዞሩ አኮርዲዮን መጫወትና መዝፈን ጀመሩ። ከዚያም በአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች አኮርዲዮኑን በኤሌክትሪክ ኦርጋን ተኩት። ሁለቱ መሣሪያዎች ዘመዳሞች ናቸው፤ የአንዱን ቁልፍ የለመደ ጣት ለሌላው እንግዳ አይሆንም።

መሣሪያው የማን ነው?

በዚያን ጊዜ የክበብ ሙዚቀኛ ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል። ጊታሩም፣ ድራሙም፣ ኦርጋኑም፣ ድምፅ ማጉያውም የክበቡ ባለቤት ንብረት ነበር። ሙዚቀኛው ባዶ እጁን መጥቶ ይጫወታል፣ ባዶ እጁን ይሄዳል። ከባለቤቱ ጋር ካልተስማማ የሚቀረው ሙያው ብቻ ነው፤ ሙያውን የሚገልጥበት ዕቃ የለውም። ስለዚህ በደመወዝ ለመከራከር አቅም አልነበረውም።

ጋሽ ኃይሉና ጓደኞቻቸው በቬኑስ ክበብ አብረው ሲሠሩ ቆይተው በ1970ዎቹ መጀመሪያ የራሳቸውን ባንድ መሠረቱ። ስሙን «ዋሊያስ» አሉት፤ በእኛው ጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በሰሜን ተራሮች ብቻ ከሚገኘው ከዋልያ የተወሰደ ነው። ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎንና በዋሽንት፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ መላከ ገብሬ በባስ ጊታር፣ ማህሙድ አማን በጊታር፣ ተማረ ሐረጉ በድራም፣ ግርማ በየነ በፒያኖና በሙዚቃ ቅንብር፣ ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን የሚጫወቱበት ባንድ ሆነ።

ዋሊያሶች ከሌሎች የተለዩት በአጨዋወታቸው ብቻ አይደለም። የክበብ ባለቤትን መሣሪያ ከመጠበቅ የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው የሚንቀሳቀሱ ባንድ ሆኑ። የራሱ ዕቃ ያለው ባንድ የተሻለ ውል ባገኘበት ይጫወታል፣ የሚለማመድበትን ሰዓት ራሱ ይወስናል፣ ሲነሣም ዕቃውን ጭኖ ይነሣል። ዋሊያሶችም ከክበብ ወጥተው በከተማው ትልቁ ቦታ፣ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል፣ ለዓመታት ተጫወቱ። የጨርቅ ማሠሪያ ጠርዟን ለመዝመም የሰው መኪና ደጅ የጠናች እህት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሳንነግራት ይገባታል።

ቃል የሌለው ዜማ

በ1974 ደርግ ሥልጣን ያዘ። ሰዓት እላፊ ታወጀ። ማታ የወጣ ሰው በመንገድ መገኘት ስለማይችል ክበብ የገባ እንግዳ በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር፤ ሙዚቀኞቹም እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። የዘፈን ግጥም ሁሉ በሳንሱር ማለፍ ነበረበት። አንዳንድ ሙዚቀኞች ተሰደዱ፤ ብዙ ሸክላዎችን ያሳተመው አምሃ እሸቴም በ1975 አገር ለቀቀ።

ዋሊያሶች በዚህ ጊዜ ያደረጉት ነገር በአገራችን ብዙ ያልተለመደ ነበር። ዘፋኝ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ ማሳተም ጀመሩ። በ1975 «ትዝታ» የተባለውን ካሴት አወጡ። በ1977 ደግሞ ከቪብራፎን ተጫዋቹ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ሆነው «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ ሠሩ። ስሙ ፈረስ የሚኮረኩሩበት የአገር ቤት ጩኸት ነው። ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘው በዚሁ ሸክላ ውስጥ ነው፤ ይህ ዜማ በኋላ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ባንዶች እየደጋገሙ የሚጫወቱት ሆኗል። በ1978 ጋሽ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ» የሚለውን ካሴት አሳተሙ።

ቃል የሌለው ዜማ ለሳንሱር የሚሰጠው ወረቀት የለውም። ሰሚው ግን ዜማውን ያውቀዋል፤ ግጥሙን በልቡ ይሞላዋል። «ትዝታ» ሲባል እያንዳንዷ የራሷን ሰው ታስባለች። ለዚህ ነው ካሴቶቹ በየሻይ ቤቱና በየቤቱ የተሰሙት።

እዚህ ላይ ስለ አጨዋወቱ አንድ ነገር እንበል። የእኛ ዜማ በአምስት ድምፅ የቆመ ነው፤ ዋናዎቹ ቅኝቶችም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። የኦርጋን ሰሌዳ ግን በየዙሩ 12 ቁልፍ አለው። ተጫዋቹ ከአሥራ ሁለቱ የትኞቹን አምስት እንደሚነካ፣ የትኛውን ዘሎ እንደሚያልፍ ማወቅ አለበት። ከዚያ የሚከብደው ደግሞ ሌላ ነው። አዝማሪ የማሲንቆውን ጭራ በጣቱ እያሸ ድምፁን ከአንዱ ወደ ሌላው ያንሸራትተዋል፤ የኦርጋን ቁልፍ አይንሸራተትም፣ ወይ ተጫኑት ወይ ተዉት ነው። ጋሽ ኃይሉ ይህን በፈጣን የጣት እርግብግቢት ይሞሉታል፤ ከዋናው ድምፅ በፊት ጎረቤቱን ነካ አድርገው ያልፋሉ። ያኔ መሣሪያው የእንጉርጉሮ ጠባይ ያመጣል። ከስሩ ደግሞ ከአሜሪካ ሶልና ፈንክ የተማሩት ምት ይሄዳል። የውጭ ሰዎች «የኢትዮጵያ ጃዝ» ብለው የሚያደንቁት ይህን ጋብቻ ነው።

እኛ የደቡብ ጎንደር ሰዎች ለዚህ ዓይነቱ ሙያ ባዳ አይደለንም። የድጓ ምስክር ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ዙር አባ ያሉት በእኛው ምድር ነው፤ ደብረ ታቦር ኢየሱስም በአቋቋም ስሙ የተጠራ ነው። የቆሎ ተማሪ አንዲት ሐረግ ለመያዝ ስንት ጊዜ እንደሚደጋግም፣ ድምፁ በዓመታት ልፋት እንዴት እንደሚሞረድ እያየን አድገናል። የምሽት ክበቡ ሙዚቃና የማኅሌቱ ዜማ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ ሙያውን በድግግሞሽ ማኖር ግን የሁለቱም ሕግ ነው።

ስደትና አኮርዲዮን

በ1981 ዋሊያሶች ከማህሙድ አህመድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዱ። ለዝግጅት ወደዚያ አገር የተጓዘ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ እነሱ ነበሩ። ታዳሚዎቻቸው በአብዛኛው አገራቸውን ጥለው የወጡ ወገኖች ነበሩ። ጉዞው ሲያበቃ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ከፊሎቹ ወደ አገር ተመለሱ፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ መላከ ገብሬና ግርማ በየነ ግን በዋሽንግተን ቀሩ።

ጋሽ ኃይሉ ከሞገስና ከመላከ ጋር ዙላ የሚባል ባንድ መሥርተው ለጥቂት ዓመታት ተጫወቱ። በ1985 ደግሞ ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀረጹ። በእጃቸው የያዙት የልጅነት መሣሪያቸውን፣ አኮርዲዮንን ነበር። ከእሱ ጋር የኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘር ጨመሩበት፤ ከበሮውን ደግሞ ምት የሚመታ ማሽን መታላቸው። ሁሉንም አንድ በአንድ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ እየደረቡ የተጫወቱት ራሳቸው ናቸው። «ሸሞንሟናዬ» እና «አምባሰል»ን የመሳሰሉ የአገር ቤት ዜማዎች አሉበት። የቀድሞው ባንድ በአንድ ክፍል ውስጥ አይገኝም ነበርና የጓደኞቻቸውን ቦታ በአሥር ጣታቸው ሞሉት። ዛሬ በየሠርጉ የምናየው ብቻውን ባንድ የሆነው ወጣት ታላቅ ወንድም ይህ ካሴት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ካሴቱ ወደ አገር ቤት መጣ፤ ተሸጠ፤ ተደመጠ። ከዚያም እንደ ብዙ ካሴቶች ከመደርደሪያ ወደ ካርቶን፣ ከካርቶን ወደ ጥግ ሄደ።

በታክሲው ውስጥ

በ1990ዎቹ ጋሽ ኃይሉ በመድረክ መጫወት አቆሙ። ኑሮ አለ፣ ኪራይ አለ። የታክሲ ሾፌር ሆኑ። በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ መካከል መምህር የነበረም፣ መኮንን የነበረም ሞልቷል። ተሳፋሪው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አድራሻ ይናገራል፤ የሾፌሩን ያለፈ ታሪክ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ጋሽ ኃይሉ ግን አንድ ነገር አልተዉም። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ በታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራቸውን ሲጠብቁ ወረፋው ረጅም ነው። ሌላው ሾፌር ሲያወጋ ወይም ሲያንቀላፋ እሳቸው ኪቦርዱን አውጥተው መኪናቸው ውስጥ ይለማመዱ ነበር። ተራቸው ሲደርስ መልሰው ያስቀምጡና ተሳፋሪ ይጭናሉ። ይህን ያደረጉት ለአንድ ሳምንት ወይም ለአንድ ወር ሳይሆን ለዓመታት ነው። የሚጠብቃቸው መድረክ አልነበረም፣ ውል የሰጣቸውም አልነበረም። ሙያው ከእጃቸው እንዳይወጣ ብቻ ነበር።

ብዙዎቻችን የምናውቀው ሕይወት ነው። ዓረብ አገር ሄዳ የሰው ቤት ስትጠርግ የኖረች ጠላፊ፣ ከተማ ገብታ መሶብ መስፋት የተወች ባለ ወስፌ፣ ልጅ አሳድጋ እስክትጨርስ እንዝርቷን የሰቀለች ፈታይ ከመካከላችን አሉ። ሥራ መቀየር ነውር አይደለም፤ ኑሮ ያስገድዳል። ጥያቄው በተቀየረው ሥራ መካከል ለእጃችን የምትተርፍ ጥቂት ሰዓት አለች ወይ ነው።

ከጥግ የወጣው ካሴት

ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴቶችን እየሰበሰበ የሚያሳትም ሰው ነው። ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ባሕር ዳር ሳለ ያረጁ ካሴቶች ሲያገላብጥ የ1985ቱን የጋሽ ኃይሉን ሥራ አገኘ። ገዝቶ ሰማው፤ አኮርዲዮኑና ሲንተሳይዘሩ አንድ ላይ የሚያወጡት ድምፅ ገረመው። ስልክ ቁጥራቸውን ከኢንተርኔት ፈልጎ ደወለ። ካሴቱን የሠሩት ሰውዬ በሕይወት አሉ፤ ያሉትም እዚያው እሱ አገር፣ ታክሲ እየነዱ ነው።

በ2013 ካሴቱ በሸክላና በሲዲ እንደገና ታተመ። ጋሽ ኃይሉ ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ ወደ መድረክ ተመለሱ። በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ከባስና ከድራም ተጫዋች ጋር በሦስት ሰው ብቻ ይጫወቱ ጀመር። ይህ የሦስት ሰው አደራደር ጂሚ ስሚዝ ካስለመደው ብዙም የራቀ አይደለም። በ2014 «ቼ በለው»፣ በ2016 «ወደ ሐረር ጉዞ»፣ በ2021 «ትዝታ» እንደገና ታተሙ። ጋሽ ኃይሉ በአሮጌው ብቻ አልቆዩም፤ ዕድሜያቸው ከ70 ካለፈ በኋላ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» የተባሉ አዳዲስ አልበሞችን አወጡ።

እዚህ ላይ ዕድል አለበት ብሎ የሚከራከር ትክክል ነው። ያ ሰው ባሕር ዳር ባይመጣ፣ ነጋዴው ካሴቱን ቢጥለው ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። ነገር ግን ስልኩ ሲደወል ጣታቸው ደርቆ ቢሆን ኖሮ ዕድሉ ምን ይጠቅማቸው ነበር? አሮጌ ካሴት ታትሞ ይቀራል እንጂ በአዳራሽ ሞልቶ የተቀመጠ ሰው ፊት መጫወት አይቻልም ነበር። ዕድል መጥቶ በር ሲያንኳኳ የከፈተው የደለሱ ልምምድ ነው።

ሴቶቹስ?

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ አንዳንድ አባላት «ኦርጋን የተጫወተች ሴት የለችም ወይ?» ብለው ጠይቀውናል። አለች፣ ያውም ብዙ። በአሜሪካ ሶል ጃዝ ውስጥ የኦርጋን ንግሥት የተባለችው የፊላደልፊያዋ ሸርሊ ስኮት ናት። በ1934 ተወልዳ በ2002 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ብዙ ሸክላዎችን በራሷ ስም ያሳተመች፣ በኋላም ሙዚቃ ያስተማረች ባለሙያ ነበረች። ሮዳ ስኮት የምትባለው ሌላዋ ደግሞ የእግር ቁልፎቹን በባዶ እግሯ እየተጫወተች በፈረንሳይ ታዋቂ ሆናለች።

በእኛ አገር ደግሞ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አሉ። የእሳቸው ሙዚቃ ጃዝ አይደለም፤ በፒያኖ የሚታወቁ መነኩሲት ናቸው። በኢየሩሳሌም ሳሉ ግን በትልቁ ባለ ቧንቧ ኦርጋንም ቀርጸዋል። በ1923 ተወልደው በ2023 ዐረፉ። ለእኛ የሚቀርበው ታሪካቸው በጎንደር ያሳለፉት ጊዜ ነው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊማሩ ጎንደር በተቀመጡ ጊዜ የቆሎ ተማሪዎች ማደሪያ አጥተው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲተኙ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ሙያ ግን ነበራቸው። በ1967 በጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢ ለችግረኞች መርጃ እንዲውል አደረጉ። ጋሽ ኃይሉ ሙያቸውን ለራሳቸው ጠብቀው አቆዩ፤ እማሆይ ሙያቸውን ለሰው መርጃ አዋሉ። ሁለቱም የሚቻለው ሙያው በእጅ ላይ ሲኖር ነው።

ለጉባኤያችን

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የምንነጋገርበት ጉዳይ ይታወቃል። እስካሁን በየሳምንቱ ካጠራቀምነው ቁጠባ ላይ ለማኅበሩ የራሱ የልብስ ስፌት መኪናዎች ይገዙ ወይስ ገንዘቡ ለአባላት ይከፋፈል የሚለው ነው። ይከፋፈል የሚሉት እህቶች ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። ማዳበሪያ ተወዷል፣ የልጆች ደብተር አለ፣ ዛሬ የራበው ሆድ የነገን መኪና አይበላም። እነሱን ሰነፍ ወይም አርቀው የማያዩ ማለት አይገባም።

ይግዛ የሚሉትም የሚሉት አላቸው። ዛሬ በሰው መኪና የምንሰፋው ሥራ ገቢው ግማሹ ለኪራይ ይሄዳል። በበዓል ሰሞን፣ ሥራ በሚበዛበት ጊዜ፣ ባለ መኪናው ለራሱ ይፈልገዋል፤ እኛ ያዘዘንን ደንበኛ እናጣለን። መኪናው የእኛ ቢሆን ልጃገረዶቹ ማታም ቢሆን መማር ይችላሉ፤ ከስደት የተመለሰችውም እጇን ታፍታታበታለች።

እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ሐሳባችንን ሳንደብቅ እንናገር። የዋሊያስ ልጆች መሣሪያ በመያዛቸው ባለጠጋ አልሆኑም፤ ባንዱም ተበትኗል። ነገር ግን የራሳቸው ዕቃ በነበራቸው ጊዜ የሚጫወቱበትን ቦታና ሰዓት መርጠዋል። ከሥራዎቻቸውም ዛሬ የሚሰማው የያኔው ነው። ከዚያ በኋላ ጋሽ ኃይሉ ያቺን ትንሽ ኪቦርድ በታክሲያቸው ባይዙ ኖሮ የሚለማመዱበት አልነበራቸውም። እጅ ብቻውን አይበቃም፣ ዕቃም ብቻውን አይበቃም። መኪና ተገዝቶ በጨርቅ ተሸፍኖ ቢቀመጥ ብሩን ከማከፋፈል የባሰ ነው። ስለዚህ ይገዛ ከተባለ ማን በየትኛው ቀን እንደሚሠራበት፣ አዲሶቹን ማን እንደሚያስተምር፣ ሲበላሽ ማን እንደሚያሠራው አብሮ ይወሰን። በእኛ በኩል በመጀመሪያው ዙር ሁለት መኪና ብቻ ተገዝቶ የቀረው ገንዘብ ለብድር ቢተው መልካም ነው እንላለን። ፍርዱ የጉባኤው ነው።

እስከዚያው ድረስ ጋሽ ኃይሉን ያልሰማችሁ ስሟቸው። ልጆቻችሁ በስልካቸው «ሸሞንሟናዬ»ን ወይም «ሙዚቃዊ ስልት»ን ፈልገው ሊያሰሟችሁ ይችላሉ። ቡና ስትቆሉ፣ ጥጥ ስታዳምጡ ወይም ስትፈትሉ የሚሆን ነው፤ ቃል ስለሌለው ወሬ አያቋርጥም። ቤታችሁ ውስጥ ያረጀ ካሴት ካለም አትጣሉት። አቧራውን ጠርጉና በደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ የማን ድካም እንዳለበት አይታወቅም።